በመዳፍ የገባ መድኃኒት

ሳሊሐ ሰው መጨበጥ አትወድም ነበር። ኩራት የመሰላቸው አሉ፤ «አጥባቂ ሆናለች» ያሉም አሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ መዳፏን ያልባታል። እንደ ሰው ወዛ የሚል ላብ አይደለም፤ ጣቶቿን ጨበጥ ስታደርግ የሚንጠባጠብ ነው። ደሴ ተማሪ ሳለች የፈተና ወረቀቷ እየራሰ የጻፈችው ይደበዝዝባት ነበር። ክረምት ሆነ በጋ፣ ፈራች አልፈራች፣ እጇ ያው ነው። እናቷ ሎሚ አሸችላት፣ ጨው ውስጥ ዘፈዘፈቻት፣ በመጨረሻም «አላህ የሰጠሽ ነው፣ ያዥው» ብላ ተወችው።

ላስ ቬጋስ ስትመጣ መጀመሪያ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። ያ ሥራ በጓንት ስለሚሠራ እጇን ልብ ያላት አልነበረም። ወገቧ አልችል ሲላት ግን በካዚኖ ለቁማርተኛ ካርታ የማደል ሥራ፣ ዲለርነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገባች። ሒሳብ ይቀናታል፤ ጣቶቿም ፈጣን ናቸው። የተፈተነችው ታኅሣሥ ላይ፣ በደረቁ ብርድ ስለነበረ፣ አለፈች። ከዚያ ወዲህ በየዕረፍቱ መታጠቢያ ቤት እየሮጠች፣ እጇን ከማድረቂያው ሥር እያቆየች፣ ሱሪዋ ላይ እየጠረገች ዓመታት ገፋች። ቀልጣፋ በመሆኗ ትልልቅ ተጫዋቾች የሚቀመጡበት ልዩ ክፍል ተመደበች። ችግሩ አፍጥጦ የመጣው እዚያ ነው። በዚያ ክፍል ተጫዋቹ ካርታውን በእጁ አንሥቶ ያያል። እርጥብ ካርታ ደግሞ ጫፉ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካርታ ምልክት የተደረገበት ይመስላል።

የጨዋታ አዳራሹ ሱፐርቫይዘር ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ስትነሣ ጠሯት።

«ሳሊሐ፣ የትናንቱ ሰውዬ ካርታው ተነካክቷል ብሎ ከሷል። የካሜራዎቹ ሰዎች ቪዲዮውን ደጋግመው አይተው ምንም አላገኙብሽም። እኔም ላብ ነው ብያቸዋለሁ። ግን ይኼ ሁለተኛ ጊዜው ነው።»

«ትንሽ ፎጣ ብይዝስ ጋሽ ዘውዴ?»

«ፎጣ ውስጥ የገንዘብ ቺፕ ይደበቃል። አይፈቅዱም፣ ታውቂያለሽ።»

«ጓንትስ?»

«ጓንትም ያው ነው።»

«ታዲያ ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ እርስዎ?»

ጋሽ ዘውዴ አንገታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ሐኪም አይተሻል?» አሏት።

አላየችም ነበር። ማላብ በሽታ ነው ብሎ የነገራት ሰው ኖሮ አያውቅም።

የቆዳ ሐኪም ያገኘችው ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የገበያ አዳራሽ አጠገብ ካለ ክሊኒክ ነው። ዶክተሯ ፈጣን ንግግር ያላት አሜሪካዊት ናት። መዳፏን ገልብጣ አየች፣ «ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ መፍትሔም አለው» አለችና ለነርሷ አስረክባት ወጣች። ነርሷ ሐሌሉያ ትባላለች። እዚሁ ላስ ቬጋስ የተወለደች፣ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተቀየጠ ወጣት ናት። ሁለት ዝርግ ሳህኖች አቅርባ ውሃ ሞላቻቸው። ከየሳህኑ ሥር ብረት አለ፤ ከብረቱ የሚወጣው ሽቦ ደግሞ መቆጣጠሪያ ካለው ትንሽ ማሽን ጋር ይገናኛል።

«ሪንግሽን አውጪ» አለች ሐሌሉያ። «ጎልድ ሁሉ ይውጣ። እጅሽ ላይ ከት፣ ቁስል ነገር አለ? ካለ ቫዝሊን ቀቢ፣ አለበለዚያ በርን ያደርግሻል፣ ያቃጥልሻል። ሃርት ላይ የተተከለ ማሽን የለሽም አይደል? ፕሬግናንትስ?»

«የለም፣ አይደለሁም።»

«ኦኬ። አንድ ትልቅ ነገር፤ ማሽኑ እየሠራ እጅሽን ከውሃ አታውጪ። ሾክ ያደርግሻል።»

ሳሊሐ እጆቿን ውሃው ውስጥ አስገባች። የኤሌክትሪኩ ከረንት ቀስ እያለ ሲጨምር መዳፏን ጉንዳን የወረረው መሰላት። ደስ አይልም፤ አያምምም። ማሽኑን በኪራይ ወደ ቤት ይዛ ሄደች፤ እንደታዘዘችው እሷም ሳህኖቹን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በሳምንት ደጋግማ ተቀመጠችበት። ባሏ ሚቅዳድ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ከሥራ ሲገባ እንደዚያ ተቀምጣ ሲያያት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ይይዝላት፣ ሻሿን ያስተካክልላት ጀመር።

በተራ ውሃ ላቡ ቀነሰ፤ አልቆመም። ይህን ስትነግራት ዶክተሯ ውሃው ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት አዘዘችላት። «ላብ የሚያመነጩትን እጢዎች ይዘጋል። ኤሌክትሪኩ በቆዳሽ በኩል ይገፋዋል፤ የሚሠራው እዚያው መዳፍሽ ላይ ነው» አለች።

«ጉዳት የለውም?»

«በጣም ደህና ሕክምና ነው። አፍሽ ትንሽ ሊደርቅ ይችላል፣ በቃ።»

የረመዳን ጾም ሊገባ የቀረው ጥቂት ነበር። ሚቅዳድ ከመስጊድ ሲመለስ ሼሁን ጠይቆላት መጣ። በአፍ የማይገባ፣ ከቆዳ ላይ የሚደረግ መድኃኒት ጾም አያስፈታም ብለዋል አላት። እሷም ነገሩን በዚያው ልክ ያዘችው። የሚዋጥ አይደለም፣ የሚወጋ አይደለም፤ እጅ መታጠቢያ ነገር ነው።

ያን ሰሞን መዳፏ ደረቀ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታ ከጣቷ ላይ እንደ ሐር ሸርተት ብሎ ወረደ። ከጠረጴዛው ስትነሣ እንደ ደንቡ መዳፏን ገልብጣ ለካሜራ ስታሳይ የሚያብለጨልጭ ነገር አልነበረም። ጋሽ ዘውዴ ከሩቅ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁላት። በዒዱ ጠዋት መስጊድ ግቢ ከሴቶቹ ጋር አንድ በአንድ ተጨባበጠች፤ እጇን ቶሎ አልነጠቀችም። ጎረቤቷ ሱዓድ «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው እጄን የማትለቂው?» ብላ ሳቀችባት።

ጾሙ ተፈታ፣ አፏ ግን እንደ ደረቀ ቀረ። በረመዳን ጊዜ ማንም እንደሚደርቅበት ነው የደረቀብኝ ብላ አላሰበችበትም ነበር። አሁን ግን ሳንቡሳው ላንቃዋ ላይ ይጣበቃል፤ ሌሊት ምላሷን ከጥርሷ አላቅቃ ትነቃለች። ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች። ትንሽ ይደርቃል ተብሏል፤ እሺ፣ ይድረቅ። ከዚያ ዓይኗ መጣ። የሩቁን ታያለች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርታ ግን ይደበዝዝባታል። አንድ ቀን ከሰዓት የተጫዋቹን ካርታ አሳስታ ደምራ፣ የተሸነፈውን ከፈለችው። ጋሽ ዘውዴ እንደገና ጠሯት።

«እጅሽ ሲሻልሽ ደግሞ ዓይንሽ?» አሏት። ሊቀልዱ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

የዓይን ሐኪሙ ፈተሻትና ቅርብ ማየት እየከበዳት እንደሆነ ነገራት፤ «ዕድሜ ነው» አላት። ሳሊሐ አርባ አልሞላትም። ተናድዳ መነጽር አሠራች። የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቃትም መልሷ የታወቀ ነበር።

ሰኔ ገባ፤ የላስ ቬጋስ ሙቀት ፊት ላይ እንደተከፈተ ምድጃ መጣ። የሠራተኞች ፓርኪንግ ከካዚኖው ራቅ ይላል። አንድ ቀን ሺፍቷን ልትጀምር ስትሄድ ራሷን ወጋት፣ ልቧ ደረቷን ይደበድብ ጀመር፣ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። የነቃችው አምቡላንስ ውስጥ ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ በረዶ ብብቷ ሥር አድርገው፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰኩላት፤ አንድ ወጣት ሐኪም ይጠይቃት ጀመር።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ለደም ግፊት? ለአለርጂ? የእንቅልፍ ክኒን?»

«ምንም አልውጥም።»

ዋሽታ አልነበረም። ሐኪሙም በሙቀት ነው፣ ብዙ ውሃ ጠጪ፣ ጥላ ፈልጊ ብሎ ሸኛት። እሷም በማግሥቱ ሳህኖቿን ዘርግታ እጇን ከተተች፤ ሥራ ነገ ነው፣ እጅ ደግሞ መድረቅ አለበት።

ሚቅዳድ ግን ልቡ አላረፈም። ሁለታቸውም ዕረፍት በሆኑበት ቀን ነፋሻ ቦታ ላውጣሽ ብሎ በጠዋቱ ቦልደር ሲቲ ወሰዳት። እዚያ ከተራራ እየወረዱ ሣር የሚግጡ ባለ ጥምዝ ቀንድ የዱር በጎች የሚታዩበት መናፈሻ አለ። ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የሚቅዳድ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ግንባራቸውን ይጠራርጋሉ። ሳሊሐ ራሷን ያዘች።

«ደግሞ ጀመረኝ» አለች።

ሚቅዳድ ግንባሯን ዳሰሰ፤ ይፋጃል። አንገቷን፣ ከዚያ ከሻሿ ሥር ማጅራቷን ዳሰሰ። እጁን አንሥቶ አየው።

«ሳሊሐ፣ ላብ የለሽም እኮ።»

«አዎ፣ መድኃኒቱ ነዋ። እጄ አያልበኝም።»

«እጅሽን አላልኩም። የትም የለሽም። ጀርባሽ ደረቅ ነው፤ እኔን እየኝ እስቲ።»

አየችው። ከአገጩ ሥር ላቡ ይንጠባጠባል። እሷ ላይ ጠብታ አልነበረም። ሚቅዳድ ይዘውት በመጡት የበረዶ ሣጥን ውስጥ የነበረውን ቀዝቃዛ ውሃ በራሷ ላይ ገለበጠውና ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባት፤ የአየር ማቀዝቀዣውን እስከ ጫፍ ከፈተላት።

ትንፋሿ ሲመለስ «እጄን ብቻ እኮ ነው የማስገባው» አለች።

«እጅሽ የሌላ ሰው ነው እንዴ? ደም አይዞርበትም?»

አፏ፣ ዓይኗ፣ ያ ፓርኪንግ ላይ የወደቀችበት ቀን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገጣጠመባት። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይህን ሁሉ ለየብቻው ይዛ ከሰው ሰው መዞሯ ነው።

ክሊኒኩ ስትደውል ሙዚቃ አስደመጧት። ሙዚቃው አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አንሥታ ዶክተሯ በሽተኛ ላይ ናት፣ መልእክት ተዪ አለቻት። ተወች፤ የደወለላት የለም። መድኃኒቱን የቀመመው ፋርማሲ ስትደውል ስለ አወሳሰዱ ዶክተርሽን ጠይቂ አሏት። ዶክተሬ አትገኝም ስትላቸው እንግዲያው ክሊኒኩ ጋ ደውዪ አሏት። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ማሽኑን ከነሳህኖቹ ካርቶን ውስጥ ከተተችና ቀጠሮ ሳትይዝ ሄደች።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለቀጠሮ አይቻልም አሏት። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «እቆያለሁ» አለች። ሐሌሉያ በመስታወቱ ውስጥ አይታት ወጣች፤ ፊቷን አይታም ምንም ሳትጠይቅ ወደ ውስጥ ይዛት ገባች። ዶክተሯ ስትመጣ ሳሊሐ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት።

«ይህ እምብዛም አያጋጥምም» አለች ዶክተሯ። የሳሊሐን መዳፍ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ቀን ሙሉ ካርታና ቺፕ ሲነካ፣ በየሰዓቱ በአልኮል ሲታሽ የዋለ መዳፍ ነው፤ ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ቀጫጭን ስንጥቅ አውጥቷል። «እዚህ ጋ ተሰነጣጥቋል። ቆዳ ሲሰነጠቅ ብዙ መድኃኒት ያሳልፋል። ወደ ደም የገባው እንዲህ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። አፍሽ ሲደርቅ ለምን አልነገርሽንም?»

«አንቺ ነሽ ይደርቃል ያልሽኝ። ጾም ላይም ነበርኩ።»

«ዓይንሽስ?»

«ዕድሜ ነው አሉኝ። ሙቀት እንደሚጥለኝ ግን ማን ነገረኝ? የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። በዚህ ከተማ ላብ የማያልበው ሰው በሰኔ ምን እንደሚሆን አላሰባችሁም?»

«ይህ ለሁሉም ታካሚ ይነገራል» አለች ዶክተሯ፤ ዓይኗን ወደ ሐሌሉያ መለስ አደረገች።

ሐሌሉያ ካርቶኑን እንደታቀፈች ቆማ ነበር። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ነገር ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «እኔ አልነገርኳትም» አለች በእንግሊዝኛ። «ስለ ቀለበት፣ ስለ ቁስል፣ ስለ ልብ ማሽን ነግሬያታለሁ። ስለ ሙቀት ለእኔም የነገረኝ የለም።»

ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና ስትናገር ፍጥነቷ ቀንሶ ነበር። መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንድታቆም፣ ከሰውነቷ እስኪወጣ ከፀሐይ እንድትርቅ ነገረቻት። መጠኑን ዝቅ አድርገን፣ ቆዳሽ ሲድን ልንሞክር እንችላለን አለች።

«እኔን አትሞክሩብኝ» አለች ሳሊሐ።

ይቅርታ ትላለች ብላ ጠበቀች። ዶክተሯ «ስለነገርሽን እናመሰግናለን» ብላ ወጣች።

መድኃኒቱን ካቆመች በኋላ መጀመሪያ የተመለሰው ምራቋ ነው። ቀጥሎ ዓይኗ ጠራ፤ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። አንድ ቀን መኪናዋን ልታስነሣ መሪውን ስትይዝ እጇ ተንሸራተተ፤ ላቡ ተመልሷል። ጀርባዋም አልቦት ስለነበረ ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት የመንግሥት ስልክ እንዳለ ሐሌሉያ ነግራት ነበርና ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሰውዬ ትሑት ነው፤ ሁሉንም በትዕግሥት ጠየቃት።

«መድኃኒቱን የወሰድሽው በአፍ ነው፣ በመርፌ ነው ወይስ የሚቀባ ነው?»

«በአንዱም አይደለም። ውሃ ውስጥ እጄን ከትቼ፣ በኤሌክትሪክ ነው።»

«ኤሌክትሪክ አደጋ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም፣ አልነዘረኝም። ኤሌክትሪኩ መድኃኒቱን ነው የሚያስገባው።»

እንደገና አስረዳችው። ሰውየው በመጨረሻ «ቅጹ ላይ ሌላ የሚለው ውስጥ አስገባዋለሁ» አላት። ሚቅዳድ አጠገቧ ሆኖ ይሰማ ነበር፤ ስልኩን ስትዘጋ «ምን አሉ?» ሲላት «ሌላ ነኝ» አለችው።

ሊነገራቸው የቀሩት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። እስከዚያ ቀን እውነቱን በሙሉ ነግራቸው አታውቅም ነበር። ቢሯቸው ገብታ፣ ቆማ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ስልካቸውን አስቀምጠው እስክትጨርስ አዳመጡ።

«በዚህ ሥራ ምክንያት ልትሞቺ ነበር ማለት ነው» አሏት።

«በሥራው አይደለም፤ እጄን ያደረቅኩት ግን ለሥራው ብዬ ነው።»

«ልዩ ክፍሉ ውስጥ ላቆይሽ አልችልም፣ ሳሊሐ። ልዋሽሽ አልፈልግም። ለኃላፊዎቹ ደብዳቤም ጽፌ አይቻለሁ፤ ፎጣውን አልፈቀዱም።»

«ከእኔ በላይ የሚሠራ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔም ተናድጃለሁ» አሉ ጋሽ ዘውዴ፤ ድምፃቸው ያን ጊዜም ከፍ አላለም። «ዋናው አዳራሽ ላይ ካርታው ከሳጥን እየተሳበ ፊቱ ተገልጦ የሚሰጥበት ጠረጴዛ አለ። ተጫዋቹ ካርታ አይነካም። ጫፉ ቢታጠፍም ማንም አይከስሽም። እሱን ልሰጥሽ እችላለሁ።»

ጫጫታ የበዛበት፣ ቲፑ የቀጠነ ጠረጴዛ ነው። ሳሊሐ ያን ክፍል በጣቶቿ ነው ያገኘችው፤ በመዳፏ ላብ አጣችው። ነገር ግን «እሺ» አለች። ምን ትላለች ሌላ?

ነሐሴ ላይ ሐሌሉያ ደወለችላት። ክሊኒኩ አሁን መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ሰው ሁሉ የት እንደሚሠራ፣ ሙቀት ላይ መዋል አለመዋሉን፣ መዳፉ መሰነጣጠቁን ይጠይቃል አለቻት። ዓይናቸው የሚደበዝዝባቸውም ሳይቆዩ እንዲደውሉ ይነገራቸዋል።

«ቬሪ ጉድ ነው አይደል?» አለች ሐሌሉያ።

«ጥሩ ነው። ዶክተሯ ስለ እኔ ምን አለች?»

ሐሌሉያ «ምንም አላለችም» አለች። «እኔ ግን ሶሪ ነኝ።»

«አንቺማ ያን ዕለት ተናግረሻል» አለቻት ሳሊሐ። «ማሽኑን ግን አምጪልኝ፤ መድኃኒት በሌለው ባዶ ውሃ እጠቀምበታለሁ።»

ሐሌሉያ ከሥራ ስትወጣ ራሷ ይዛላት መጣች። ሳሊሐ አሁን ከሺፍቷ በፊት መዳፏ ላይ ስንጥቅ መኖሩን አይታ፣ ያለበትን በቫዝሊን ሸፍና፣ እጇን ባዶ ውሃ ውስጥ ከትታ ትቀመጣለች። ላቡ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከቤት ስትወጣ እጇ ደረቅ ነው፤ ካዚኖው በር ላይ ስትደርስ ወዝቷል። ጠረጴዛዋ ላይ ትቆምና ካርታውን ከሳጥኑ ስባ፣ ፊቱን ገልጣ፣ ፊት ለፊቷ ለተቀመጠው ሰው ታስቀምጥለታለች።